በኢምፕላንት ዙሪያ ያለን አጥንትና ድድ እንዴት እናወዳድራለን?

ኢምፕላንት በወለቀ ጥርስ ፋንታ መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ ሥር ነው። "ቲታኒየም ይሻላል ወይስ ዚርኮኒያ?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ነው። ግን አንድ ኢምፕላንት ከሌላው በፊት መወዳደር ያለበት ከራሱ የመጀመሪያ ቀን ጋር ነው።

1. ዓይነቱን ለዩ። አብዛኛው ቲታኒየም ነው። ስዊድናዊው ፐር-ኢንግቫር ብሮነማርክ እ.ኤ.አ. በ1965 ሰው ላይ የተከለውም እሱን ነበር። ዚርኮኒያ ደግሞ ሴራሚክ ነው፤ ነጭ ስለሆነ በስስ ድድ ውስጥ ግራጫ ጥላ አይታይበትም። አንገታቸውም ይለያያል፦ አንዳንዱ ከአጥንቱ እኩል ይቀመጣል፣ ሌላው ለስላሳ አንገቱ ወደ ድዱ ወጣ ይላል። ከላይ ያለው ጥርስ በብሎን ነው ወይስ በሲሚንቶ የተያዘው? ይቺን ጥያቄ እንዳታልፏት። ድድ ስር ተደብቆ የቀረ ትርፍ ሲሚንቶ ድዱን ያስቆጣል፤ አጥንቱም ቀስ እያለ ይበላል። ሥሩና ጥርሱን የሚይዘው ክፍል አንድ ወጥ የሆነ ዚርኮኒያ ላይ ጥርሱ የሚጣበቀው በአብዛኛው በሲሚንቶ ነው። ስለዚህ ጥፋቱን ቶሎ በዚርኮኒያው ላይ አታላክኩ።

2. ጥርሱ በተገጠመ ጊዜ የተነሳውን ራጅ ጠይቃችሁ ውሰዱ።

3. የድሮውንና የአሁኑን ራጅ ጎን ለጎን አድርጉ። የኢምፕላንቱ ጥምዞች (እንደ ብሎን ያሉት ጥርሶች) በሁለቱም በኩል ጥርት ብለው መታየት አለባቸው። ከተድበሰበሱ ራጁ በሰያፍ ተነስቷል፤ ለማወዳደር አይሆንም። ከዚያ አጥንቱ ስንተኛው ጥምዝ ላይ እንደሚጀምር ቁጠሩ። አንገቱ ወጣ ያለውን ኢምፕላንት ከጫፉ ከለካችሁት ግን ትሳሳታላችሁ። ለስላሳው ክፍል ድሮም ከአጥንት በላይ እንዲሆን ነው የተሠራው። በመጀመሪያው ዓመት አጥንቱ ትንሽ ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው። ከዚያ በኋላ ግን በዓመት ከ0.2 ሚሊ ሜትር በታች መሆን አለበት የሚል የቆየ መመዘኛ አለ። ይህን ያህል ለውጥ በአንድ ዓመት ራጅ ላይ በዓይን አይለይም፤ የብዙ ዓመት ራጅ ያስፈልጋል።

4. ድዱን አስለኩ። ሐኪሙ ቀጭኗን መለኪያ ድዱና ኢምፕላንቱ መሃል ቀስ አድርጎ ያስገባል፣ ዙሪያውን ስድስት ቦታ። ከዚያ ጥቂት ይጠብቃል። አንዲት የደም ነጠብጣብ ከመለኪያው ጭረት ልትመጣ ትችላለች። ደሙ እንደ መስመር ከተዘረጋ ወይም መግል ከወጣ ግን ድዱ ታሟል። አጥንቱ ካልተነካ በደንብ በማጽዳት ይመለሳል። ጥልቀት ብቻውን አይፈርድም፤ በጥልቀት የተተከለ ኢምፕላንት ኪሱም (በድዱና በኢምፕላንቱ መሃል ያለው ክፍተት) ከመጀመሪያው ጥልቅ ነው። የመጀመሪያው ራጅ ከጠፋስ? እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው የድድና የኢምፕላንት ዙሪያ በሽታዎች ዓለም አቀፍ ምደባ፣ በሽታው አጥንቱን ነክቷል ለማለት ሦስት ምልክት አንድ ላይ ይፈልጋል፦ መድማት፣ 6 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የኪስ ጥልቀት፣ 3 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የአጥንት መጉደል።

5. ከጓደኛችሁ ኢምፕላንት ጋር አታወዳድሩ። እሱ አያጨስ ይሆናል፣ እናንተ ስኳር ይኖርባችሁ ይሆናል፣ ወይም ድሮ የድድ በሽታ ነበረባችሁ። አንድ አፍ ውስጥ ያሉ ሁለት ኢምፕላንቶች የተሻለ ፍርድ ይሰጣሉ፤ ያውም ሁለቱንም እኩል የምታጸዱ ከሆነ። የኋላው ብሩሽ አይደርሰውም፣ የፊቱ ይደርሰዋል። ልዩነት ካያችሁ ሐኪማችሁ ፊት መስታወት ይዛችሁ እንዴት እንደምታጸዱ አሳዩት።