ጢያን ሲጎበኙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ማለዳ ከፒያሳ ወይም ከአምስት ኪሎ የተነሣ ሰው በቡታጅራ መንገድ የጥንት ትክል ድንጋዮች ወደሚገኙባት ጢያ ደርሶ በዕለቱ ይመለሳል፤ ወደ ደቡብ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብዙው ተጓዥ ግን ድንጋይ አይቶ ይመጣል እንጂ መቃብር መጎብኘቱን ልብ አይልም።

ዋናው ስህተት ይህ ነው። 36ቱ ትክል ድንጋዮች ለጌጥ የቆሙ አይደሉም። በቁፋሮ እንደታየው ከሥራቸው ሰዎች አርፈዋል፤ ጉልበታቸውን ወደ ደረታቸው አጥፈው የተቀበሩ ወጣቶች። ታዲያ በመካከላቸው ያለውን ሣር እንደ መዝናኛ ሜዳ ማየት እንዴት ይቻላል? ምንጣፍ ዘርግቶ ምሳ መብላት፣ ኳስ መጫወት፣ ለፎቶ ብሎ ድንጋዩ ላይ መውጣት በአያቶቻችን መቃብር ላይ የማናደርገው ነው። ቅርጹ ይጉላ ብሎ በጠመኔ መቀባትም ያው ነው። ዩኔስኮ ቦታውን እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል፤ ሳይመዘገብም ቢሆን ግን መቃብር መቃብር ነው።

ሁለተኛው፣ የሰሙትን ሁሉ ታሪክ ብሎ መያዝ ነው። ድንጋዮቹን ግራኝ አሕመድ እንዳቆማቸው የሚነገር አፈ ታሪክ አለ። ትረካው በራሱ ሊጠበቅ የሚገባው የአካባቢው ሀብት ነው። ይሁን እንጂ የኢማሙ ዘመቻ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲሆን መቃብሮቹ ግን ቀድመውት የኖሩ ናቸው። ሥራውን ለአንድ ዘማች መስጠት፣ ከባድ ድንጋይ ጠርበው ሙታናቸውን ያከበሩትን ሰዎች ክብራቸውን መንፈግ ነው፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

በድንጋዮቹ ላይ የተቀረጹት ሰይፎችም እንዲሁ ናቸው። ሟቹ የገደላቸውን ሰዎች ቁጥር ያሳያሉ ሲባል ይሰማል። ይህ ግምት ነው። ከሰይፎቹ ጋር የሚታዩት ሌሎች ምልክቶች ትርጉማቸው ዛሬም ያከራክራል። አስጎብኚውን «ይህ በጥናት የተረጋገጠ ነው ወይስ ሲነገር የኖረ?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ነውር የለውም፤ ጥሩ አስጎብኚ ለይቶ ይነግራል።

የመጨረሻው በመንገድ ላይ የሚሠራ ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው፣ የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያዎች የሚገኙበት መልካ ቁንጡሬ እዚያው አቅጣጫ ስለሚገኝ ብዙዎች ጎራ ይላሉ። በዚያ የሚያብረቀርቅ የባልጩት (መስተዋት መሰል ጥቁር ድንጋይ) ስባሪ አንሥቶ ኪስ መክተት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ስባሪው የጥንት ሰው መሣሪያ ሊሆን ይችላል፤ መሣሪያው ለተመራማሪ የሚናገረው ከተገኘበት አፈር ጋር ሲሆን ነው፤ ፒያሳ ሳሎን ውስጥ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ይሆናል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረትም ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈር የተከለከለ ነው፤ በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስም ለሚመለከተው አካል መነገር አለበት። ልጆች እንዲህ ያለ ነገር ካዩ ሳይነኩት ፎቶ ያንሡ፤ ከዚያም ለቦታው ጥበቃ ያሳዩ።