ጣርማ በር ጫፍ ላይ ክንፍ ከመዘርጋታችሁ በፊት

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በመኪና የሄደ ሰው ቦታውን ያውቀዋል። ደብረ ብርሃንን አልፋችሁ ሜዳ ሜዳውን ስትሄዱ ቆይታችሁ ድንገት መሬቱ ይቆረጣል። በስተምሥራቅ ገደል ነው። ሥሩ ደብረ ሲና፣ ከዚያ ወዲያ የሸዋ ሮቢት ቆላ። ጫፉ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፣ ቆላው 1,300 ሜትር ገደማ ነው። ፓራግላይደር፣ ማለትም ሰው በገመድ ተንጠልጥሎ የሚበርበትን ሞተር የሌለው የጨርቅ ክንፍ፣ የሚያበር ሰው እዚያ ሲቆም ልቡ ይሸፍታል። የኔም ይሸፍታል።

ይህን የምጽፈው ኮርስ ወስዳችሁ፣ ምናልባት ኬንያ ኬሪዮ ሸለቆ ድረስ ሄዳችሁ በርራችሁ፣ አሁን በሀገራችሁ ተራራ መሞከር ለምትፈልጉ ነው። ያልሠለጠነ ሰው ከጽሑፍም ከቪዲዮም መብረር አይማርም፣ በቃ። ፈቃድም አለ። ሲቪል አቪዬሽንን፣ ወረዳውን፣ ቀበሌውን ሳትጠይቁ እንዳትነሱ። የአካባቢው ሰላም እንዴት እንደሆነ ከነዋሪው ስሙ። የምታርፉበት መንደር ሰዎችም ቀድመው ይወቁ፤ ማንም ሳይነግራቸው ሰው ከሰማይ ሲወርድባቸው ምን ሊያስቡ እንደሚችሉ ገምቱ።

ጫፉ ላይ ስትደርሱ የመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ነው። ነፋሱ ከቆላ ነው ወይስ ከደጋ? ከቆላ ከሆነ፣ ማለትም ከምሥራቅ መጥቶ ፊታችሁን የሚነካችሁ ከሆነ፣ ገደሉ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ እናንተንም ያነሳችኋል። ከደጋ ከሆነ፣ ከጀርባችሁ መጥቶ ጫፉን ሲያልፍ ቁልቁል ይወድቅና ከታች ይሽከረከራል። ወንዝ ትልቅ ድንጋይ አልፎ ከኋላው ሲዞር አይታችሁ ታውቃላችሁ። አየሩም እንደዚያ ነው፣ ግን አይታይም። እዚያ አዙሪት ውስጥ የገባ ክንፍ ይታጠፋል፤ ገደሉ ደግሞ ቅርብ ስለሆነ መልሶ እስኪዘረጋ ጊዜ የለም።

ይሄ ቀላል ይመስላል። ከባዱ ነገር ነፋሱ የሚያታልልበት ቀን ነው።

አንድ ጥር ላይ ሦስት ሆነን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ክንፋችንን ዘርግተን ቆመን ነበር። ነፋስ ከፊት ይመጣል፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ይነፍሳል፣ ዝም ይላል፣ ከዚያ ትንሽ ከኋላ ይነካናል። እኔ ከፊት የሚመጣውን ጠብቄ ልነሳ ገመዱን ይዤ ነበር። ራቅ ብሎ አውድማ ላይ ሰዎች ገብስ ወቅተው ገለባውን ለመለየት ተቀምጠዋል፤ መንሹ መሬት ላይ ነው። ምን እየጠበቁ እንደሆነ ስንጠይቅ አንድ አባት «ይኼ ነፋስ ገና ልቡ አልቆረጠም፣ ልጆቼ» አሉን። ቀና ብዬ ደመናውን አየሁት። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ እየሄደ ነው። ክንፋችንን ጠቀለልን፣ በመኪና ወረድን።

የሆነው ይህ ነው። ላይ ያለው ዋናው ነፋስ ከደጋ ነበር። ፀሐይ ገደሉን ስታሞቀው ሙቁ አየር፣ ተርማል የምንለው፣ በግድግዳው እየታከከ ሽቅብ ይመጣል፤ ጫፉ ላይ ለቆመ ሰው ጥሩ የፊት ነፋስ ይመስለዋል። ተነስቶ ትንሽ ከፍ ሲል ግን ከኋላ ከሚመጣው ጋር ይጋጫል፣ ምክንያቱም ያለው ገደሉ ከዋናው ነፋስ በከለለው፣ በሚሽከረከረው አየር ውስጥ ነው። ስለዚህ እግራችሁ ሥር ባለው ነፋስ ብቻ አትወስኑ። የደመና ጥላ መሬት ላይ ወዴት እንደሚሮጥ እዩ። ከደጋው ቤቶች የሚወጣው ጭስ ወዴት እንደሚያጋድል እዩ። ከፊት የሚመጣው ነፋስ እየተቆራረጠ፣ በመሃል ከኋላ የሚነካችሁ ከሆነ አትነሱ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ፤ አውድማ ላይ ያለ ሰው ካገኛችሁም ጠይቁት፣ የነፋሱን ሰዓት እንደሱ የሚያውቅ የለም።

ሰዓቱም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ገደሉ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ነው ያዞረው። ጠዋት ፀሐይ በቀጥታ ትመታዋለች፣ ከሰዓት በኋላ ግን ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ግድግዳው ጥላ ይሆናል፤ ቀዝቃዛ አየርም ቁልቁል መንሸራተት ይጀምራል። ሌላ ቦታ «ሲመሻሽ ነው የሚለዝበው» ተብላችሁ ተምራችሁ ይሆናል፣ እዚህ ያንን ይዛችሁ አትምጡ። በበጋ፣ ውርጩ ከቀለጠ በኋላ፣ ከ3 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ያለውን ጊዜ እመርጣለሁ። ከ6 ሰዓት በኋላ ተርማሉ ይበረታል፣ ልምድ ለሌለው ሰው አይሆንም። ጉም ከቆላ እየተጎተተ ሲወጣ ካያችሁ ደግሞ ወሬም አያስፈልገውም፤ ጣርማ በር ላይ ጉም ሲይዝ በመኪና መንገድ እንኳ ፊት አይታይም።

ስለ ስስ አየር ብዙ ሰው አያስብም። በ3,000 ሜትር ላይ አየሩ ባሕር ጠረፍ ካለው ሩብ ያህል ይሳሳል። ክንፉ ያንኑ ክብደት ለመሸከም በፍጥነት መሄድ አለበት፣ 16 በመቶ ያህል። ባሕር ጠረፍ ላይ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ክንፍ እዚህ ወደ 42 ይጠጋል። ነፋስ በሌለበት ስትነሱ ረዘም አድርጋችሁ፣ ጠንክራችሁ ሩጡ፤ ቶሎ ዘላችሁ መቀመጫው ላይ አትቀመጡ። ደጋው ላይ ስታርፉም መሬቱ ከለመዳችሁት ፈጥኖ ይመጣል። በዚያ ላይ ከጫፉ 1,000 ሜትር ብቻ ብትወጡ ከ4,000 ሜትር በላይ ናችሁ። የአሜሪካ የበረራ ሕግ ከ14,000 ጫማ፣ ማለትም ከ4,270 ሜትር ገደማ በላይ፣ አብራሪው ሁልጊዜ ኦክስጅን እንዲጠቀም ያስገድዳል። ኦክስጅን ሲያንስ የሚደክመው ጉልበት ብቻ አይደለም፣ ማመዛዘንም ይደክማል፤ ሰውየው ግን ደህና ነኝ ይላል። ኦክስጅን ካልያዛችሁ 4,000 ላይ ይብቃችሁ። ጓንትና ወፍራም ጃኬት አይረሳ።

ከመነሳታችሁ በፊት ዕቃችሁን በእጃችሁ እየነካችሁ ቁጠሩ። የእግር ቀበቶ ሁለቱም፣ የደረት ቀበቶ፣ የሄልሜት ማሰሪያ፣ የተጠባባቂው ፓራሹት መያዣ፣ ገመዶቹ አለመጠላለፋቸው። የእግር ቀበቶውን ሳያስር የተነሳ ሰው ከመቀመጫው ተንሸራቶ በብብቱ ይንጠለጠላል፣ ይህ ሰው የገደለ ስህተት ነው፤ በአብዛኛው ደግሞ የሚደርሰው ወሬ መሃል ላይ ሲያስር ለተቋረጠ ሰው ነው። ስታስሩ ሰው ካናገራችሁ ከመጀመሪያው ጀምሩ።

ስለ ደመና አጭር ነው። በልግና ክረምት ላይ ደመናው እንደ ግንብ ሽቅብ ሲያድግ ካያችሁ መሬት ላይ ሁኑ። ከሥሩ የሚስበው አየር ክንፋችሁን ወደ ውስጥ ይዞት ይገባል፣ ከዝናቡ ቀድሞ የሚወጣው ነፋስ ደግሞ 20 ኪሎ ሜትር ርቆ ሊደርስባችሁ ይችላል። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ቀኑ አልቋል።

አየር ላይ ሌላ ሰው ካለ፣ ገደሉ በቀኙ የሆነ ሰው ቅድሚያ አለው፣ በግራው የሆነው ይለቃል። ስትዞሩ ሁልጊዜ ከገደሉ ወደ ውጭ ነው። ተርማል ውስጥ ቀድሞ የገባ ሰው በዞረበት አቅጣጫ ዙሩ። ጥንብ አንሳ ሲዞር ካያችሁ እሱም ቀድሞ የገባ ነው። የወፍ ጎጆ ካለበት የገደል ግድግዳ ግን ራቁ፤ ንስር ክንፍ ላይ ጥፍሩን ሲያሳርፍ ቀልድ አይደለም፣ ወፎቹም ጫጩት አላቸው።

ማረፊያችሁን በእግራችሁ ሄዳችሁ ሳታዩ አትነሱ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ከላይ አይታይም፣ ምሰሶውን ፈልጉ፤ ሁለት ምሰሶ ካለ መሃሉ ሽቦ ነው ብላችሁ ቁረጡ። ማሽላ ቆሞ ከሆነ ማሳው ውስጥ አትግቡ። ድንገት ከገባችሁ ባለቤቱን ፈልጋችሁ የጠፋውን ክፈሉ። ገደሉ ወገብ ላይ ማረፍ ደግሞ በጣም ይከብዳል፤ እግሩ የተሰበረን ሰው ከዚያ የሚያወጣው ቃሬዛና የሰው ትከሻ ነው፣ ስልክም ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ ከፍታችሁ ገና ሳያልቅ፣ ቆላው ሜዳ የሚያደርሳችሁ ሲኖራችሁ፣ ከገደሉ ለቅቃችሁ ውጡ።

እንዳረፋችሁ ክንፉን ቶሎ ጠቅልሉት። ተዘርግቶ ከቆየ ላይ ያለው ጓደኛችሁ ተጎዳ ብሎ ያስባል። ልጆች ሮጠው ይመጣሉ፣ ገመድ እንዳይረግጡ በፈገግታ ንገሯቸው፤ ትልቁን ልጅ ደግሞ መጠቅለል እንዲያግዛችሁ ጠይቁት። ከዚያ ለሾፌሩ ደውሉ።