ደቀሉ የወደቀበት የሸራ ጀልባ፦ ችግሩን ከምልክቱ እስከ ጥገናው መፈለግ

ከድሬዳዋ ወርደው ጅቡቲ ወደብ ላይ የጀልባ ጥገና የገቡ ልጆች የሚደውሉልኝ አብዛኛውን ጊዜ ማታ ነው። «አቦ ጋሼ፣ ደቀሉ ወድቋል፤ ባለቤቱ አዲስ አስመጥቷል፤ እንዴት እናቁመው?» ይሉኛል። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው ስለ አዲሱ አይደለም። አሮጌው የት አለ? ሽቦዎቹስ? ማንም እንዳይጥላቸው እላለሁ።

ደቀል ሸራው የሚሰቀልበት ምሰሶ ነው። ብቻውን አይቆምም፤ ከፊት፣ ከኋላና ከሁለቱ ጎን በስቴንለስ ሽቦ ተወጥሮ ነው የሚቆመው። ሽቦው ከታች በመወጠሪያ ይያዛል፣ መወጠሪያው በፒን፣ ፒኑ በኮፒሊያ፤ ኮፒሊያ ፒኑ እንዳይወጣ ሁለት እግሮቹ የሚታጠፉ ትንሽ መቆለፊያ ነው። ይህ ሁሉ ከጀልባው አካል ጋር የሚገናኘው በአንድ ጠፍጣፋ ማሰሪያ ብረት ነው። ከእነዚህ አንዷ ከለቀቀች ደቀሉ የቱንም ያህል ቢወፍር ይወድቃል። ራሱ ደቀሉ ቀድሞ የሚሰበረው ከስንት አንዴ ነው፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚለቀው ያቺ ትንሽ ዕቃ ናት። ምክንያቷ ሳትገኝ አዲስ ደቀል ማቆም ማለት ሁለተኛውን ለመስበር መዘጋጀት ነው።

ይህን የምለው ስላየሁት ነው። ጅቡቲ በምሠራበት ጊዜ አዲስ ደቀልና አዲስ ሽቦ ያስገባንለት ጀልባ ዓመት ሳይሞላው እንደገና ወደቀበት። የቀኙ ማሰሪያ ብረት ከወለሉ በላይ መስታወት ይመስል ነበር። ወለሉን አልፎ ወደ ውስጥ በሚገባበት፣ ዓይን በማያየው ቦታ ላይ ግን ተበልቶ ወረቀት አክሏል። ሳንነቅል ነበር ያለፍነው። ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል።

ሽቦው ተበጥሶ ወይም ፒኑ ወጥቶ ከሆነ

ስብርባሪውን ቀን ብርሃን ላይ አስቀምጡና ጫፎቹን በማጉያ መነጽር እዩ። አዲስ ስብራት ብሩህና ሻካራ ነው። ቡናማ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ጠርዝ ግን ስንጥቁ ከቆየ መክረሙን ይናገራል፤ መነሻው እሱ ነው። ሌሎቹ እሱን ተከትለው የተበጠሱ ናቸው።

ለደቀል የሚውለው ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ ባለ 19 ክር ነው። ቀድሞ የሚደክመው በታችኛው ጫፉ፣ ብረት ውስጥ ተጨፍልቆ በገባበት ላይ ነው፤ የጨው ውሃ ወርዶ የሚያቁረው እዚያ ስለሆነ። ከ19ኙ አንድ ክር እንኳ ከተበጠሰ ያ ሽቦ አብቅቶለታል፣ ይቀየራል። ወድቆ የተረፈውንም ሽቦ አልጠቀምበትም፤ የወደቀበት ጫና የት እንደጎዳው አይታይምና። ዕድሜው 10 ዓመት ገደማ የሆነ ሽቦ ካለ፣ ደህና ቢመስልም ከአዲሱ ደቀል ጋር አብሮ ይቀየር።

ፒኑ ብቻ ጠፍቶ ሽቦው ደህና ከሆነ ጥፋቱ የኮፒሊያ ነው። አንዳንዱ ኮፒሊያ ሳያገኝ ሲቀር ምስማር ያጥፍበታል። ይህ የሰው ሕይወት የተንጠለጠለበት ቦታ ነው፤ አይደረግም።

ማሰሪያ ብረቱን በሚመለከት አጭር ነኝ፦ ሁሉም ይነቀላሉ። ወለሉን በሚያልፉበት ቦታ አየር የማያገኝ እርጥብ ስንጥቅ አለ፤ ስቴንለስ ደግሞ አየር ሲያጣ ነው የሚበላው። ጀልባው ውስጥ በግድግዳው ላይ ወደ ታች የወረደ ቡናማ ዕንባ ካያችሁ ብረቱ ሳይነቀልም ነግሯችኋል። ስንጥቅ ወይም ጉድጓድ ካለበት በብየዳ አይሞላም፤ በተመሳሳይ ውፍረት ባለ አዲስ ይቀየራል።

«የተሰበረውን ደቀል በብየዳ እንቀጥለው ወይ?»

ድሬ ላይ አሉሚኒየም በርና መስኮት የሚሠራ ልጅ ሁሉ ይህን ይጠይቀኛል፤ እጁ የለመደው ሥራ ነውና አልፈርድበትም። መልሱ ግን አይሆንም ነው። የደቀል አሉሚኒየም የጠነከረው ፋብሪካ ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት ሞቆ፣ ባንዴ ቀዝቅዞ፣ ከዚያ መጠነኛ ሙቀት ባለው ምድጃ ለሰዓታት ቆይቶ ነው። የብየዳው እሳት ይህን ጥንካሬ ያፈርሰዋል። ከብየዳው ግራና ቀኝ ያለው ብረት ሳይታጠፍ መሸከም የሚችለው ጫና ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል፤ ደቀሉም እዚያው ላይ ይታጠፋል። የመስኮት ፕሮፋይል ቆርጦ መደገፍም አያዋጣም፤ ቅይጡ ሌላ ነው፣ ለስላሳ ነው።

ስብራቱ አንድ ቦታ ብቻ ከሆነና የቀረው ቀጥ ያለ ከሆነ መፍትሄው ከውስጥ የሚገባ እጅጌ ነው። ቅይጡ ከደቀሉ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ፣ ከውስጥ ግድግዳው ጋር የሚገጥም ቁራጭ ይገባል፤ ከስብራቱ በእያንዳንዱ ጎን ቢያንስ የደቀሉን ስፋት ሁለት ሦስት እጥፍ ያህል ይዘልቃል። ከዚያ በተራ ሳይሆን በተዘበራረቀ ረድፍ በሪቬት ይመታል። ሪቬቶቹ በአንድ መስመር ከተደረደሩ እንደ ቴምብር ጠርዝ የሚቀደድበትን መስመር ራሳችሁ አበጃችሁለት ማለት ነው።

አዲስ ከሆነ የሚገባው፣ ልኩን ከአሮጌው ውሰዱ፦ ከእግሩ እስከ ጫፉ፣ ክንፎቹ (የጎን ሽቦዎቹን ከደቀሉ አርቀው የሚይዙት አግዳሚዎች) ያሉበት ቁመት፣ የእያንዳንዱ ሽቦ ርዝመት ከፒን ቀዳዳ እስከ ፒን ቀዳዳ። አሮጌው ባሕር ውስጥ ከቀረ ሸራው ይነግራችኋል፤ የሸራው የፊት ጠርዝ ርዝመት ደቀሉ ቢያንስ ምን ያህል መሆን እንዳለበት ያሳያል። «ወፍራም ይሻላል» ብሎ ከባድ የሚያዝ ባለቤት ካለ ምከሩት። ከላይ የተጨመረ ክብደት ጀልባውን ያዘነብለዋል፣ ለመመለስም ያዘገየዋል።

አዲሱ ቆሟል፤ ሽቦዎቹ ግን በየሳምንቱ ይላላሉ

አዲስ ሽቦ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይረዝማል፤ አንድ ሁለቴ መላላቱ የሚጠበቅ ነው። ሦስተኛና አራተኛ ጊዜ ከሆነ ግን መወጠሪያውን ተውትና ወደ ታች ውረዱ። የውስጥ ክፍሉ በር መግጠም አቁሟል? ደቀሉ የተቀመጠበት ወለል ጎድጉዷል? እንዲህ ከሆነ በወለሉ ሁለት ሽፋን መካከል ያለው እንጨት በስብሷል፤ ደቀሉም ቀስ እያለ እየሰመጠ ነው። ሽቦውን በወጠራችሁ ቁጥር ደቀሉን ወደ ታች ስለምትገፉት ነገሩን ታባብሳላችሁ። ደቀሉ ይውረድ፣ ወለሉ ይከፈት፣ የበሰበሰው ሁሉ ይውጣ፤ በቦታው በኢፖክሲ የተነከረ ጠንካራ እንጨት ወይም ድፍን ፋይበር ግላስ ይግባ። ከሥር ያለውን ደጋፊ ምሰሶ እግሩ ድረስ እዩት፤ እሱም በውሃ የሚቀመጥ ነው።

ነጭ ዱቄት፣ ያበጠ ቀለም፣ አልፈታ ያለ ቡሎን

አሉሚኒየምና ስቴንለስ በጨው ውሃ መካከል ሲገናኙ ባትሪ ይሆናሉ፤ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። ስለዚህ በመካከላቸው የናይሎን ሮንዴላ ወይም ላስቲክ ይግባ፤ ቡሎኑ ዚንክ ክሮሜት ያለበት ቅባት ይቀባ። መዳብ ያለበትን ግራሶ ግን አሉሚኒየም አጠገብ አታድርሱ፤ መዳብ ከስቴንለስም የባሰ ጠላቱ ነው። አንዴ የደረቀውን ቡሎን በካቻቢቴ ስትታገሉት አንገቱ ይቆረጣል። ዘይት አጠጡት፣ አሳድሩት፣ ከዚያ ዙሪያውን በመጠኑ አሙቁት፤ አሉሚኒየም ሲሞቅ ከስቴንለስ የበለጠ ስለሚሰፋ ይለቃል። እስኪጠቁር ግን አታቃጥሉት፤ ስለ ብየዳው ያልኩት እዚህም ይሠራል።

ደቀሉ ያጋደለ ወይም የተጣመመ ይመስላል

ቱንቢ አይጠቅማችሁም፤ ጀልባው ራሱ ይንሳፈፋልና። ሸራ መስቀያው ገመድ ላይ ሜትር አስራችሁ ወደ ላይ ጎትቱት፤ ከጫፉ እስከ ግራና ቀኝ ማሰሪያ ብረቶች ለኩ። ሁለቱ ልክ እኩል ሲሆኑ ደቀሉ መሐል ላይ ነው። ከዚያ እግሩ ሥር ቁሙና የሸራው ጠርዝ የሚገባበትን የደቀሉን ቦይ ተከትላችሁ ወደ ላይ እዩ። ጫፉ ወደ አንድ ጎን ከወደቀ የላይኞቹ ሽቦዎች፣ መሐሉ ከታጠፈ የታችኞቹ እኩል አይደሉም።

ምን ያህል ይወጠር ለሚለው ብዙ ሰው በጣቱ እየመታ በድምፅ ይገምታል። እኔ የምመክረው በሜትር ነው። ሽቦው በእጅ ብቻ ቀጥ ሲል 2 ሜትር ለክታችሁ ምልክት አድርጉ። ያ 2 ሜትር 1 ሚሊ ሜትር ሲረዝም ባለ 19 ክሩ ሽቦ የመበጠሻ አቅሙን 5 በመቶ ገደማ ተሸክሟል። የፊቱ ሽቦ ደቀሉ ጫፍ ላይ በሚታሰርበት ጀልባ ለላይኞቹ የጎን ሽቦዎች 15 በመቶ፣ ማለትም 3 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ግራና ቀኝ እኩል ዙር እያዞራችሁ ሂዱ፤ የመወጠሪያውን ጥርስ ደግሞ ቀድማችሁ ዘይት አጠጡት፤ ደረቅ ስቴንለስ በጫና ሲዞር ይነካከሳል፣ ከዚያ አይፈታም።

ከደቀሉ ውስጥ ሌሊት ኳ ኳ የሚል ድምፅ ከተሰማ ያልታሰረ የመብራት ገመድ ነው፤ ሳይቆም በፊት እሰሩት። የላዩን መብራትና የሬዲዮ አንቴናውንም መሬት ላይ እያለ ሞክሩ።

ወደ ባሕር ከመውጣት በፊት

የመጀመሪያው ቀን መለስተኛ ነፋስ ይሁን፣ ወደብ በሚታይበት። ጀልባው በነፋሱ ሲያጋድል ነፋስ ከማያገኘው ጎን ያለውን ሽቦ እዩ፤ ትንሽ መላላቱ ደህና ነው፤ ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዝ ከሆነ ግን ተመልሳችሁ ወጥሩት። ወደ ሰሜን የሚሄድ ባለቤት ካለ ወቅቱን አስታውሱት፦ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ገደማ በደቡባዊ ቀይ ባሕር ነፋሱ በአብዛኛው ከደቡብ ምሥራቅ ነው፣ ከኋላው ይገፋዋል። በሐምሌና በነሐሴ ግን ከሰሜን ምዕራብ ስለሚመጣ፣ ገና ያልተፈተነ ደቀል ይዞ ፊት ለፊት ይጋፈጠዋል።

ጀልባው ላይ የሽቦ መቁረጫ፣ ሴጌቶ ከብዙ ትርፍ ምላጭ ጋርና ፒን ማውጫ ይኑር። ደቀል ባሕር ላይ ከወደቀ በማዕበሉ እየተመታ የጀልባውን ጎን ሊበሳ ስለሚችል ማዳን ካልተቻለ ይቆረጣል። ውሃ ውስጥ የተንጠለጠለ ገመድ ሁሉ ሳይሰበሰብ ሞተር አይነሳም፤ ገመዱ ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል።

ከመጀመሪያው ቀን ስትመለሱ የእያንዳንዱን ኮፒሊያ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፤ ከቅርብ፣ ሁለቱም እግሮቹ የታጠፉ መሆናቸው እንዲታይ።