ኦቶማቲክ መኪና ዳይኖ ላይ የተሳሳተ ቁጥር ሲሰጥ፦ ከማርሽ ሬሾ የሚመጡ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ዳይኖ መኪናው ሮለር ላይ ታስሮ ጎማው ሲሽከረከር ጉልበቱን የሚለካ ማሽን ነው። የጎማ ንፋስ፣ የማሰሪያው ጥብቀትና የሞተሩ ሙቀት አስቀድመው እንደታዩ እቆጥራለሁ። ማርሽ ቶርክን (የመጠምዘዝ ኃይልን) ሲያባዛ ዙርን በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ የፈረስ ጉልበቱ ግን በካምቢዮና በጎማ ከሚባክነው በቀር ያው ነው። ዳይኖው የሞተሩን ቶርክ የሚያሰላው ጉልበቱን ለሞተሩ ዙር አካፍሎ ነው፤ ስለዚህ ሞተሩ ሳይነካ የውጤት ወረቀቱ ላይ ቶርክ ካበጠ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ዳይኖው የሞተሩን ዙር ከየት እንዳገኘ ነው።

ደጋግሞ የሚገጥመኝ ምልክት ይህ ነው፤ ቶርኩ ከሚጠበቀው በግማሽ ያህል ይበልጣል፣ ከፍተኛው ጉልበት ደግሞ ከልክ በላይ ዝቅ ባለ ዙር ላይ ይታያል። ምክንያቱ የኦፕሬተሩ ስንፍና ነው። የዙር መቁጠሪያ ሽቦ ከማሰር ይልቅ መኪናውን በሦስተኛ ማርሽ አንድ ፍጥነት ላይ ይዞ የሮለሩንና የሞተሩን ዙር ዝምድና ለማሽኑ ይሞላለታል፤ ከዚያ ፔዳሉን በአንድ ጊዜ እስከ ወለሉ ሲረግጥ ካምቢዮው ወደ ሁለተኛ ይወርዳል፣ ማሽኑ ግን አሁንም በሦስተኛው ስሌት ይቆጥራል።

አንድ ደንበኛ ባለ 3.4 ሊትር ቶዮታ ፎር ራነሩን ይዞ መጥቶ፣ አዲሱ ማርሚታ ቶርኩን በግማሽ እንደጨመረለት ሌላ ቦታ የወጣ ወረቀት አሳየኝ። ከፍተኛው ጉልበት የታየው 3,140 ዙር አካባቢ ነበር፤ ይህ ሞተር ግን በፋብሪካው መግለጫ ከፍተኛ ጉልበቱን የሚሰጠው በ4,800 ነው። ሁለቱ ሲካፈሉ 1.53 ይመጣሉ፤ የመኪናው ኤ340 ካምቢዮ ሁለተኛ ማርሽ ሬሾም (ዙርን የሚቀንስበት ልክ) 1.531 ነው፤ ማለትም መኪናው በሁለተኛ ማርሽ ሲሄድ ማሽኑ በሦስተኛው ቆጥሯል። ሰውየው ለማርሚታው የከፈለውን እያሰበ ዝም አለ።

መፍትሄው ዙሩን በቀጥታ ለሻማ እሳት ከሚሰጠው ከኮይሉ ሽቦ መውሰድ፣ ኦቨርድራይቩን (ሬሾው ከ1 በታች የሆነውን ማርሽ) በአዝራሩ አጥፍቶ ሬሾው 1.000 በሆነው ሦስተኛ ማርሽ መቆየት፣ ፍጥነቱ ካምቢዮው ወደ ሁለተኛ ከሚወርድበት እስኪያልፍ ድረስም በግማሽ ፔዳል መሄድና ከዚያ በኋላ ብቻ ሙሉውን መርገጥ ነው። ርካሹን የዙር መቆንጠጫ አትግዙ፤ ሞተሩ ሲሞቅ መሃል ላይ ይዘልላል፣ መስመሩም መጋዝ ይመስላል። ቶርኩ በትክክል ግማሽ ሆኖ ከወጣ ደግሞ ማሽኑ በአንድ ዙር የሚቆጥረው የሻማ እሳት ብዛት ተሳስቶ ተሞልቷል።

በዝቅተኛ ዙር ብቻ ጉብታ ከታየ ቶርክ ኮንቨርተሩ (ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር በዘይት የሚያገናኘው ክፍል) ገና አልቆለፈም፤ በሚንሸራተትበት ጊዜ ራሱ ቶርክ ያባዛልና ያንን ክፍል ከሞተሩ ጋር አታወዳድሩት። ጉብታውን ለማጥፋት ብላችሁ ፍሬን ይዛችሁ ነዳጅ አትስጡ፤ የካምቢዮ ዘይት በሰከንዶች ውስጥ ይቃጠላል።

የፈረስ ጉልበቱ ራሱ በዝቅተኛ ማርሽ አንሶ ከተነበበ፣ በተለይም በከባድ ሮለር መፍጠን ብቻ በሚለካ ዳይኖ ላይ፣ የሚሽከረከሩት የሞተርና የካምቢዮ ክፍሎች ፈጥነው ሲነሱ ጉልበቱን ከፊሉን ይበሉታል። ስለዚህ በፊትና በኋላ የሚደረገው ልኬት በአንድ ማርሽ ይሁን። በዜድኤፍ 6ኤችፒ26 ባለ ስድስት ማርሽ ኦቶማቲክ ካምቢዮ ላይ 1.00 የሆነ ማርሽ የለም፤ አራተኛው 1.14፣ አምስተኛው 0.87 ስለሆነ እኔ በአራተኛው ለክቼ ማርሹን ወረቀቱ ላይ እጽፋለሁ። ኦቨርድራይቭ ላይ አትለኩ፤ ሮለሩ ሳታስቡት ኤስ (S) የፍጥነት ምልክት ያለው ጎማ ከሚፈቅደው 180 ኪሎ ሜትር በሰዓት ያልፋል፣ የአንዳንዱ መኪና ኮምፒውተርም ከዚያ በፊት ነዳጅ ይቆርጥና መስመሩ ቁልቁል ይወድቃል።