አንኢምፕሎይመንት ሲከለከሉ፦ ለገጣፎ ሆነውም ቀኑ ይቆጠራል

አሜሪካ ሥራው ሲቆም «እስኪ ቤተሰብ ጠይቄ ልመለስ» ብሎ ለገጣፎ ወይም ኮዬ ፈጬ የሚገባ ብዙ ነው። የአንኢምፕሎይመንት፣ ማለትም ሥራ ላጣ ሰው ስቴቱ የሚከፍለው ድጎማ፣ የክልከላ ደብዳቤ ግን እዚያው አሜሪካ ፖስታ ሳጥን ውስጥ ይቀራል። የይግባኝ ጊዜ የሚቆጠረው እጅዎ ከገባበት ሳይሆን ከተላከበት ዕለት ነው፤ ሜሪላንድ 15 ቀን፣ ቴክሳስ 14፣ ቨርጂኒያና ካሊፎርኒያ 30። አብሮዎት የሚኖር ሰው ከፍቶ ሁሉንም ገጽ በቴሌግራም ይላክልዎት።

ከዚያ ምክንያቱን ያንብቡ። «ደመወዙ አልበቃም» አዲስ መጤን የሚጥለው ነው። በጃንዋሪ 2025 ላመለከተ ሰው በመደበኛው ስሌት የሚታየው ከኦክቶበር 2023 እስከ ሴፕቴምበር 2024 የተከፈለው ነው። ሜይ 2024 ሥራ ጀምሮ እስከ ዲሴምበር ቢሠራ፣ የመጨረሻው ሦስት ወር ይቀርበታል። ብዙ ስቴቶች ግን ተለዋጭ ስሌት ስላላቸው ሙሉው 2024 እንዲታይልዎት ይጠይቁ። አዲስ አበባ የተከፈለዎት ደመወዝ አይገባም፣ ባይለፉ ይሻላል። ቀጣሪው 1099 (ለተቀጣሪ ሳይሆን ለኮንትራክተር የሚሰጥ የገቢ ወረቀት) ብቻ ሰጥቶዎት ከሆነ ደመወዝዎ ዜሮ ሆኖ ይመጣል፤ ሰዓትዎንና አሠራርዎን የሚያዝዎት እሱ ከነበረ ተቀጣሪ ነበርኩ ብለው ይከራከሩ፣ የሥራ ሰዓት የተላከበትን ቴክስት ያያይዙ።

«በጥፋት ተባረረ» ከተባለ ማስረዳት ያለበት ቀጣሪው ነው። በፈቃድዎ ከለቀቁ ግን በቂ ምክንያት እንደነበረዎት የሚያስረዱት እርስዎ ነዎት።

«ለሥራ ዝግጁ አልነበረም» የሚለው ብዙውን ጊዜ ከጉዞው ይመጣል። ክፍያውን ለማግኘት በየሳምንቱ በሚሞላው ቅጽ ላይ፣ ኢትዮጵያ በቆዩበት ሳምንት «ዝግጁ ነበርኩ» ብለው አይሙሉ፤ ወንድምም አካውንትዎ ገብቶ አይሙላልዎት። እንደ ማጭበርበር ከተቆጠረ ገንዘቡን መመለስ ብቻ ሳይሆን ቢያንስ 15 በመቶ ቅጣት አለው። ከተመለሱ በኋላ ግን ይግባኙ እስኪወሰን በየሳምንቱ መሙላት አያቋርጡ፤ ቢረቱም ያልሞሉት ሳምንት ላይከፈል ይችላል።

ችሎቱ በአብዛኛው በስልክ ነው። የአማርኛ አስተርጓሚ በነፃ ይመደባል፣ ይግባኙን ሲያስገቡ ይጠይቁ። ቀጠሮው አገር ቤት እያሉ ከደረሰ አስቀድመው በጽሑፍ እንዲዛወር ያመልክቱ፤ መብራትና ኔትወርክ አይታመንም፣ ስልክ ካልተነሣ መዝገቡ ሊዘጋ ይችላል። ካልተዛወረ ሰዓቱን አይሳቱ፦ የዋሽንግተን ጠዋት 10፣ እነሱ ጋ በጋ ሲሆን በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት፣ ክረምት ሲሆን 12 ሰዓት ነው።