ጠላ ሲበላሽ የማይደረጉ ነገሮች

ለክርስትና ወይም ለበዓል የተጠመቀ ጠላ ሲበላሽ ያናድዳል። የገብሱ ዋጋ አለ፣ የጌሾው አለ፣ እንኩሮውን፣ ማለትም ርሶ ምጣድ ላይ የሚታመሰውን ዱቄት፣ ማንኮሩ ራሱ ስንት ድካም ነው። ግን በንዴት የምናደርጋቸው ነገሮች ቀጣዩንም ጠላ ያበላሹብናል።

አንዱ ስህተት ሳይለዩ መድፋት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አረፋ ማውጣቱ፣ መገንፈሉ ጤነኛ ነው። ቆይቶ ነጭ፣ ስስ፣ የተጨማደደ ሽፋን ከያዘ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አየር ያገኘ እርሾ ነው። ጣዕሙን ያወርደዋል እንጂ ሻጋታ አይደለም። ሻጋታ ጸጉራም ነው፤ አረንጓዴ፣ ጥቁር ወይም ነጭ ሆኖ እዚህም እዚያም ክብ ክብ እየሠራ ይበቅላል። እሱ ከታየ ላዩን ገፎ መጠጣት የለም፣ ሁሉም ይደፋል።

ሌላው የሆመጠጠውን ለማዳን መታገል ነው። ሆምጣጤ ሆምጣጤ የሚሸተው ባክቴሪያ በአየር እየታገዘ አልኮሉን ወደ አሲድ ስለለወጠው ነው። ስኳር ቢጨመርበት አሲዱ የትም አይሄድም። ቢፈላ ባክቴሪያው ይሞታል፤ አሲዱ ይቀራል፣ አልኮሉ ይተናል። ከአዲስ ጠላ ጋር መቀላቀል ግን ከሁሉም የባሰ ነው፤ ደህናውንም ይዞት ይሄዳል። ከዚህ ጠላ ለጥንስስም አይወሰድ።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ «የሻገተ ገብስ ለጠላ ይሆናል» የሚለው አባባል ነው። አይሆንም። በሻገተ እህል ላይ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖር ይችላል፤ ምጣድ ላይ ተቆልቶም ሆነ ፈልቶ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ብቅልም ሲደርቅ ከቆየ ይሻግታልና ከመፈጨቱ በፊት በእጅ በትኖ ማየት፣ ማሽተት ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ጠላ ሲደፋ አተላውን ለላም መስጠትም ስህተት ነው። ላሚቱ የበላችው አፍላቶክሲን መልኩን ቀይሮ በወተቷ ይወጣል፤ ወተቱን የሚጠጡት ደግሞ ልጆች ናቸው።

ጋኑን አለቅልቆ ብቻ እንደገና መጠቀምም ብዙ ሰው የሚሠራው ነው። ሸክላ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፤ ያበላሸው ነገር እዚያ ይቀመጣል። በግራዋ ደህና አድርጎ ማሸት፣ በፈላ ውሃ ማጠብ፣ ፀሐይ ላይ አፉን ከፍቶ በደንብ ማድረቅ፣ ከዚያ በወይራ ማጠን ነው። ጭሱ ለሽታ ብቻ አይደለም፣ ተህዋስያንንም ያዳክማል። በረኪና ለሸክላ አይሁን፤ ሸክላው ይጠጣውና ለጠላው ይመልሰዋል። በረኪናን ከሆምጣጤ ጋር መቀላቀል ደግሞ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ውጭ አገር በፕላስቲክ ባልዲ የምትጠምቁ፣ ውስጡ የተጫረ ባልዲ አይታመንምና ቀይሩት።

የመጨረሻው፣ ምክንያቱን ሳይፈልጉ ድጋሚ መጥመቅ ነው። እንኩሮው ሳይበርድ ጥንስሱ ላይ ተገልብጦ ይሆን? ሙቀቱ እርሾውን ከገደለው ቦታውን ባክቴሪያ ይይዘዋል። ለእጅ የሚመች እስኪሆን መታገስ ነው። ክዳኑ አየር ያስገባ ነበር? በየቀኑ እየተከፈተ በጣሳ ይቀዳ ነበር? ጋኑ ሲጎድል አየሩ ይበዛል፤ የቀረውን አጥልሎ ወደ ትንሽ እንስራ እስከ አፉ መገልበጥና ቶሎ መጠጣት ይሻላል።