አገጭ ላይ እየተመላለሰ የሚወጣ ብጉር፦ ከየት ነው? ምን ይደረግ?

የወር አበባሽ ሊመጣ ሳምንት ሲቀረው አገጭሽና መንጋጋሽ ላይ ጠለቅ ያለ፣ አፍ የሌለው፣ ሲነኩት የሚያም ብጉር ይወጣል? ፊትሽ ቆሽሾ አይደለም። ሆርሞን ነው። በዚያ ሰሞን ኢስትሮጅን (የሴት የሚባለው ሆርሞን) ይቀንስና አንድሮጅን (የወንድ የሚባለው፣ ሴቶችም አለን) ያይላል፣ ወዝ አመንጪዎቹን እጢዎች ይቀሰቅሳል፣ ወዙም ከሞተ ቆዳ ጋር ተጣብቆ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ስለዚህ በሳሙና መፈተግ፣ ሎሚ ማሸት፣ የጥርስ ሳሙና መለጠፍ ትርፉ ቆዳን ማቁሰል ነው። በቀን ሁለቴ ለስለስ ባለ መታጠቢያ ይበቃል።

ለዚህ ዓይነቱ መጀመሪያ የሚሞከሩት አዳፓሊን 0.1 ፐርሰንትና ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የሚባሉ የሚቀቡ መድኃኒቶች ናቸው። ቤንዞይሉ 2.5 ወይም 5 ፐርሰንት ይበቃል፤ ባለ 10ሩ በአብዛኛው የሚጨምረው ማቃጠሉን ነው። አዳፓሊኑን ማታ፣ ፊትሽ ደርቆ፣ አንዲት የአተር ፍሬ የምታህል ለመላው ፊት ትቀቢያለሽ። ብጉሩ ላይ ብቻ ነጥብ ነጥብ ማድረግ አይሠራም፣ ምክንያቱም ዋና ሥራው ገና ያልወጣውን መከላከል ነው። መጀመሪያ ላይ ይደርቃል፣ ይላጣል፣ አንዳንዴ ብጉሩ ጭራሽ ይብሳል። ብዙዎቻችን የምንተወው እዚህ ጋ ነው! ለውጡ ግን ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል። ካረገዝሽ ወይም ልታረግዢ ካሰብሽ አዳፓሊን ይቅርብሽ። ቤንዞይል ደግሞ ቀለም ይለቅቃል፤ የትራስ ልብሱም የነጠላሽ ጥለትም አይተርፍም።

ብጉሩ የጀመረሽ ክንድ ውስጥ የሚቀበረውን የወሊድ መከላከያ ወይም የሦስት ወሩን መርፌ ከወሰድሽ በኋላ ከሆነ፣ ምክንያቱ እሱ ሊሆን ይችላል፤ እንደነዚህ ያለው ፕሮጀስቲን የሚባል ሆርሞን ብቻ ያለው መከላከያ አንዳንድ ሴት ላይ ያብሰዋል። ኢስትሮጅንም ያለበት እንክብል በተቃራኒው ይቀንሰዋል፣ ግን ደም ግፊት ወይም የደም መርጋት ላለባት አይሆንም። ባለሙያ አማክሪ።

የወር አበባሽ ከተዛባ፣ አገጭሽ ላይ ጠንከር ያለ ፀጉር ከወጣ፣ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ (ከእንቁላል እጢ ጋር የተያያዘ የሆርሞን መዛባት) ሊሆን ስለሚችል ክሬም ስትቀያይሪ ጊዜ አታጥፊ፤ የደም ምርመራና አልትራሳውንድ ይታዘዝልሽ። ስፓይሮኖላክቶን የሚባለው የአንድሮጅንን ሥራ የሚያግድ መድኃኒትም አለ፣ በሐኪም ትእዛዝ፣ እርግዝና በሌለበት።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ጉንጭም ግንባርም ላይ ድንገት ትንንሽ፣ ቀላ ያሉ፣ ሁሉም እኩል የሆኑ ብጉሮች ከወጡ፣ የምትቀቢውን «ፊት የሚያጠራ» ክሬም አገላብጠሽ አንብቢ። ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል (ሁለቱም ስቴሮይድ የሚባሉ ጠንካራ መድኃኒቶች ናቸው) የሚል ካገኘሽ፣ ወንጀለኛው ስቴሮይዱ ሳይሆን አይቀርም። መጀመሪያ ሰሞን ፊትሽን ጥርት ያደርገዋል፣ ሰው «ምን ተቀብተሽ ነው?» እያለ ያደንቅሻል፣ ከዚያ ቆዳው ይሳሳና ያለ እሱ አልኖር ይላል። ተደባልቆ በትንሽ ብልቃጥ የተሸጠልሽ፣ ስም የሌለው ከሆነ ደግሞ ምን እንዳለበት ማን ያውቃል? ብዙ ጊዜ ከተቀባሽው በኋላ በአንዴ ስታቆሚ ክፉኛ ሊያገረሽ ስለሚችል፣ የቆዳ ሐኪም እያየሽ ይሁን።

ብጉሩ ሄዶ የሚቀረው ጥቁር ምልክት በወራት ይደበዝዛል። ፀሐይ ግን ያከርመዋል፤ ኤስፒኤፍ (የመከላከል አቅሙን የሚያሳየው ቁጥር) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰንስክሪን፣ ማለትም የፀሐይ መከላከያ ክሬም፣ ጠዋት ጠዋት ተቀቢ። ብጉሩንም አታፍርጪው።

ጎድጓዳ ጠባሳ መተው ከጀመረ ግን አትጠብቂ። ሐኪሙ አይሶትሬቲኖይን የሚባል የሚዋጥ መድኃኒት ሊያዝልሽ ይችላል፣ ጽንስን ክፉኛ ስለሚጎዳ የእርግዝና ምርመራና መከላከያ የግድ ነው። ጓደኛሽ «ተርፎኛል» ብላ ብትሰጥሽ አትዋጪው።